የከተማው መንገድ የአርሶ አደሩም ጉዳይ ነው

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)







የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ወይም ስለ ቲማቲም በሽታ እንደምናገር ገምቶ ነበር። ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ የተመረቅሁትም፣ የምቀጠርበትም ሥራ ይኸው ነውና ግምቱ ትክክል ነው። ዛሬ ግን የመጣሁት ስለ ከተማ መንገድ ልነግራችሁ ነው። "ይህች የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ማሳውን ትታ አስፋልት ውስጥ ምን አስገባት?" የሚል ካለ፣ እባካችሁ ምክንያቴን እስክጨርስ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው በየካቲት 2013 ዓ.ም. ነው። ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ሦስት አባሎቻችን በመስኖ ያመረቱትን ቲማቲም አንድ አይሱዙ ተከራይተው 100 ሳጥን ጫኑ። እኔም ምርቱ ከማሳ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚገጥመው በዓይኔ ለማየት ፈለግሁና ከአንድ አባታችን ጋር ጋቢና ገባሁ። አመሻሽ ላይ ከቆላችን ተነሥተን ደብረ ሲናን አልፈን የጣርማ በርን ዳገት ወጣን። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ጎማ ፈነዳብንና ያንን ስናስቀይር ሰዓታት ሄዱ። ከዚያ ሸኖንና ሰንዳፋን አልፈን ለገ ጣፎ ስንደርስ ነግቷል። የጭነት መኪና ወደ ከተማ የሚገባበት ሰዓት አልፎ ስለነበር "ማታ ትገባላችሁ" ተባልን።

ያን ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆምን። ሸራውን ብንገልጠው ፀሐይ፣ ብንሸፍነው ሙቀት ሆነብን። ቀን ላይ ከታችኛው ሳጥን ውኃ መንጠባጠብ ጀመረ። ማታ ከተማ ስንገባ ደግሞ ገበያው እኛ ከገባንበት በር አጠገብ አልነበረም። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነሥቶ በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ወደሚገኘው ኃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ገና ብዙ ጊዜው ስላልነበር፣ ከሰሜን ምሥራቅ ገብተን ከተማዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማቋረጥ ነበረብን። ሲነጋ ከ100 ሳጥን 27ቱ ተጣለ። ለቀረውም ገዢው የሰጠን ዋጋ "ያደረ ነው" እየተባለ የተቆረጠ ነበር።

እስኪ ልብ በሉ፤ ጎማ ቀይረንም እንኳ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ በአንድ ሌሊት ጨርሰነዋል። 30 ኪሎ ሜትር የማይሞላው የመጨረሻው መንገድ ግን አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ወሰደብን። ስንመለስ እኚያ አባታችን እስከ ሰንዳፋ ዝም ብለው ቆይተው፣ "ልጄ፣ እርሻውን አንቺ አስተማርሽን፤ መንገዱንስ ማን ያስተምረን?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ይህ ንግግር ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

ከተማዋ ለምን ተጨናነቀች?

በመጀመሪያ እውነቱን መነጋገር ይገባናል። ከተማዋ እኛን ለመጉዳት ብላ አላቆመችንም፤ የራሷ ጭንቅ አላት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ማንም ለመኪና ብሎ አልቀየሳትም። ሰፈሮቿ በየመኳንንቱ ይዞታ ዙሪያ የተሰባሰቡ ነበሩ፤ መንገዶቿም እግረኛና በቅሎ የሄዱባቸውን መስመሮች ተከትለው የወጡ ናቸው። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 2.1 ሚሊዮን ገደማ፣ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ደግሞ ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ቆጠራ ባይደረግም፣ ምን ያህል እንደሰፋች በለገ ጣፎ በኩል የሚያልፍ ሾፌር ሁሉ ይመሰክራል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ለብዙ ሺህ ቤተሰብ መጠለያ ሰጥቷል። ይሁን እንጂ ሰፋፊዎቹ ሰፈሮች የተሠሩት እንደ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ባሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱና ገበያው ግን በአብዛኛው መሐል ከተማ ቀረ። በመሆኑም ሕዝቡ ጠዋት በአንድ ሰዓት ወደ መሐል፣ ማታ በአንድ ሰዓት ወደ ዳር ይጓዛል። እኛ በ2013 ዓ.ም. የቆምንበት መንገድ የየካ አባዶ ነዋሪ ለታክሲ የሚሰለፍበት መንገድ ነው። ከከተማው ጉዞ ግማሽ ያህሉ የሚደረገው በእግር መሆኑንም አንርሳ። ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በጭነት መኪኖች ላይ የቀን ሰዓት ገደብ የተጣለው መጨናነቁንና አደጋውን ለመቀነስ ታስቦ ነው። ያንን አስፋልት የሚሻገረው ተማሪም የሰው ልጅ ነውና ገደቡን በጥላቻ ልናየው አይገባም።

ከተማዋ መፍትሔ አልፈለገችም ማለትም አይቻልም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. የቀላል ባቡር አገልግሎት ተጀመረ። አንደኛው መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጥቂት ብር ብዙ ሰው በማጓጓዙ ተመስግኗል። ነገር ግን ሁለት ትምህርት ትቶልን አልፏል። አንደኛ፣ ሐዲዱ በአብዛኛው መሬት ላይ ታጥሮ ስለተዘረጋ ግራና ቀኙን ሰፈር ለየ፤ እግረኛውም ለመሻገር ሩቅ ይዞራል። ሁለተኛ፣ ዓመታት ሲያልፉ በመለዋወጫ ዕጥረት ብዙዎቹ ባቡሮች ከሥራ ወጡ። አንድን ነገር መገንባትና ሲሠራ ማኖር የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ እንማራለን። መኪና እንግዛ ብለን የምንነጋገር እኛም፣ ስለ ጎማውና ስለ መለዋወጫው አብረን ካልተነጋገርን ግቢያችን ውስጥ የቆመ ብረት ነው የምንገዛው።

ገበያ ሲንቀሳቀስ ማን ይንቀሳቀሳል?

የአዲስ አበባ ገበያ ቦታ ሲቀይር የመጀመሪያው አይደለም። ቀድሞ ዋናው ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው አሁን መርካቶ ወደምንለው ቦታ የተዛወረው። አትክልት ተራም ለብዙ ዘመን ፒያሳ ከቆየ በኋላ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት መጨናነቁን ለመቀነስ ወደ ጃንሜዳ ሄደ፤ ጃንሜዳ የጥምቀት በዓል ማክበሪያ በመሆኑም በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተዛወረ። የቀድሞው ፒያሳም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት መልኩ ተለውጧል።

ውሳኔውን ስሕተት ነው አልልም። መሐል ከተማ ውስጥ በጠባብ መንገድ ላይ መኪና ማራገፍ ለማንም አይበጅም ነበር። ሆኖም ገበያ ሲዛወር ለአንዱ ይቀርባል፣ ለሌላው ይርቃል። ከስምጥ ሸለቆ በቃሊቲ በኩል ለሚገባው አምራች አዲሱ ቦታ ይመቻል። ከጣርማ በር ማዶ ለምንመጣው ግን ከተማዋን ማቋረጥ ማለት ነው። የከተማ ፕላን ሲባል ወረቀት ላይ የተሠመረ መስመር ብቻ ይመስለን ነበር። ለካስ እያንዳንዱ መስመር የሆነ አርሶ አደር ሳጥን ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

መንገድ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋባቸውን ጊዜያት አልረሳሁም። ያ ከእኔ አቅም በላይ የሆነ፣ የሁላችንም ጸሎት የሆነ ጉዳይ ነው። እኔ የምናገረው መንገዱ ክፍት በሆነበት ቀን በእጃችን ስላለው ነገር ነው።

አንደኛ፣ ቲማቲሙ የሚለቀምበትን ሰዓት ከከተማው የመግቢያ ሰዓት ወደ ኋላ ቆጥረን እንወስን። እስካሁን የምንለቅመው ሠራተኛ ሲገኝ፣ የምንጭነው መኪና ሲመጣ ነው። የመግቢያው ሰዓት ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከመልቀም በፊት ስልክ ደውሎ የሚያጣራ አንድ ሰው በየመሠረታዊ ማኅበሩ ይመደብ። ለመንገድ ብልሽትም ትርፍ ሰዓት እንያዝ። ጎማ የሚፈነዳው ቀጠሮ ሰጥቶ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ወደምንገባበት በር የሚቀርበውን ገበያ እናስቀድም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት በለሚ ኩራ፣ በኮልፌ ቀራኒዮና በአቃቂ ቃሊቲ የግብርና ምርት ገበያ ማዕከላት ተከፍተዋል። ለሚ ኩራ በእኛው በር በኩል ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በየሰፈሩ የተስፋፉት የእሁድ ገበያዎችም ዩኒየኖች ለሸማቹ በቀጥታ የሚሸጡባቸው ናቸው። እዚያ ቦታ ለማግኘት አንድ አባል ብቻውን ቢጠይቅ የሚሰማው የለም፤ ዩኒየን ሲጠይቅ ግን ወንበር ይሰጠዋል። ከደላላ ጋር የምንጨቃጨቀውን ያህል ለዚህ ጉዳይ ብንመላለስ ብዙ እናተርፋለን።

ሦስተኛ፣ ጭነታችንን እናስተባብር። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረት በየስብሰባው እንጠቅሰዋለን። ወደ መኪና ኪራይ ስንመጣ ግን ሁሉም ሎሚውን ለብቻው ይሸከማል። በአንድ ሳምንት ሦስት መኪና ጎደሎ ጭኖ ከሚሄድ፣ ሁለቱ ሞልተው ቢሄዱ ኪራዩ ይቀንሳል። ሲመለሱም ባዶ እንዳይመጡ የሸማቾች ማኅበራችንን ዘይትና ሳሙና ይጫኑ። የበሰለውንና ገና ያልበሰለውን ቲማቲም ለይተን፣ ቀድሞ የሚበላሸውን ከላይ ብንጭን ደግሞ ከ27ቱ ሳጥን ምናልባት ግማሹ ይተርፍ ነበር። ይህን የመጨረሻውን ያኔ ማስተማር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አላስተማርኩም። ጥፋቱን በከተማው ላይ ብቻ አላሳብብም።

የራሳችንስ ከተማ?

ክቡራንና ክቡራት፣ እስካሁን ስለ ሩቁ ከተማ ነው የተናገርኩት። አሁን ወደ ቅርባችን ልመለስ። የምንገበያይባት ከተማችን ከዓመት ዓመት እያደገች ነው። ነገር ግን እንደ ጅራፍ በቁመቷ ብቻ ነው የምታድገው፤ ቤቱም፣ ሱቁም፣ መናኸሪያውም፣ ገበያውም በዚያው በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ ተደርድሯል። በገበያ ቀን አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ ጭነት መኪና፣ አህያና ተማሪ በአንድ መንገድ ይጋፋሉ። አዲስ አበባን ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚያስጨንቃት ነገር እኛ ዘንድ ገና ሕፃን ነው። ሕፃን እያለ ማረም ይቻላል፤ "ዛፍ በለጋነቱ ይታረቃል" ይባል የለ?

በዚህ ላይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ማለዳ ላይ እኚያው ጋቢና አብረውኝ የተጓዙት አባታችን አንድ ችካል በእጃቸው ይዘው ጽሕፈት ቤቴ መጡ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡትና፣ "ልጄ፣ ይህ ነገር ሌሊት ማሳዬ ውስጥ በቅሎ አደረ። ዘሩን ብታውቂው ብዬ ነው" አሉኝ። ሳቅሁ፤ እርሳቸው ግን አልሳቁም። ቀለም የተቀባ የቀያሽ ችካል ነበር።

ምን እንደሆነ አላውቅም ነበርና አብረን ጉዳዩ ወደሚመለከተው ክፍል ሄድን። ለወደፊት የታሰበ የመንገድ መስመር መሆኑ ተነገረን። አባታችን ካርታውን አዟዙረው ካዩ በኋላ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አድርገው፣ "እዚህ ላይ ቦዩ የታለ?" ብለው ጠየቁ። ቦዩ ካርታው ላይ አልነበረም። ከወንዙ ተጠልፎ ከእርሳቸው በታች ያለውን ማሳ ሁሉ የሚያጠጣው የመስኖ ቦይ መንገዱ በታሰበበት ቦታ ያልፋል። ከሥሩ ቱቦ ሳይቀበርለት መንገዱ ቢሠራ፣ የከተማው ሰው መንገድ ሲያገኝ ከታች ያለው አርሶ አደር ውኃ ያጣል። ባለሙያው ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ ደግ ሰው ነበር፤ ያን ቀን ድረስ የነገረው ሰው አልነበረም እንጂ። ችካሉንም አባታችን በገዛ እጃቸው መልሰው ተከሉት። ቱቦው ይቀበር አይቀበር ገና አልታወቀም። ጥያቄው ግን ተመዝግቧል።

ለዚህ ነው ዛሬ ይህን ርዕስ የመረጥኩት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ እንዲሳተፍ ደንግጓል። በአዋጁ መሠረት የአንድ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ዕድሜ አለው። አንድ ጊዜ ሳንሰማ ካመለጠን፣ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጃችን አሥረኛ ክፍል እስኪጨርስ እንጠብቃለን ማለት ነው።

የመሬቱ ጉዳይም አለ። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 455 ከይዞታው ለዘለቄታው ለሚነሣ አርሶ አደር የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሳ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 በ3 ዓመት ውስጥ ከፍተኛ የሆነውን የዓመት ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ። ይህ መሻሻል ነው። ገቢያችሁን በጽሑፍ የያዛችሁ ትጠቀማላችሁ፤ ለዩኒየኑ የሸጣችሁበትን ደረሰኝ አትጣሉ የምለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን 15 ዓመት ያልፋል፤ በመስኖ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት መሬት ግን አንዴ ሲሚንቶ ከተገረፈበት አይመለስም። ከተማዋ የግድ መስፋት ካለባት፣ ውኃ ወደማያገኘው ጥግ መስፋት እየቻለች ለምን ቦይ ያለበትን ትይዛለች? ይህን ቀያሹ ካርታ ላይ አያየውም፤ እኛ እናውቀዋለን።

ስለሆነም ለተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች አራት ነገር በትሕትና አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ለገበያውና ለዩኒየኑ መጋዘን መኪና የሚዞርበትና የሚያራግፍበት ቦታ ያለው መሬት፣ ቤት ሳይሠራበት ዛሬ ይከለል። ሁለተኛ፣ ከባድ መኪና መሐል ከተማ ሳይገባ የሚያልፍበት ሁለተኛ መስመር፣ ገንዘቡ ዛሬ ባይኖር እንኳ መሬቱ ይጠበቅ። መሬት ማስጠበቅ ዛሬ የችካል ዋጋ ነው፤ ነገ የቤት ማፍረሻ ዋጋ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከአስፋልቱ ጎን ለእግረኛውና ለጭነት ከብቱ መሄጃ ይሠራ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት፣ እናቶቻችንም ወፍጮ ቤት የሚመላለሱት በእግራቸው ነው። አራተኛ፣ ፕላን ሲወጣ ከየቀበሌው ቦዩን፣ ጎርፉ የሚሄድበትንና የከብት መንጃውን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ይጠሩ። አበል አይጠይቁም፤ ካርታውን ያሳዩአቸው እንጂ።

ለእናንተ ለአባላቱም አንድ ነገር አለኝ። ማሳችሁ ውስጥ ችካል ስታዩ አትንቀሉት፤ ዝም ብላችሁም አትለፉት። ማኅበራችሁ ጋ ኑና አብረን ሄደን እንጠይቅ። ብቻውን የሚጠይቅ ሰው "ልማት ተቃወመ" ይባላል። ማኅበር ሆኖ ሲጠይቅ ግን "አስተያየት ሰጠ" ይባላል።

እኚያ አባታችን ዛሬ ከመካከላችሁ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን እንዳልጠራ አዘውኛልና አልጠራም። "መንገዱንስ ማን ያስተምረን?" ላሉኝ መልሴ ይህ ነው፦ አባቴ፣ በዚያች ካርታ ላይ ጣትዎን ባሳረፉ ጊዜ ያስተማሩት እርስዎ ነበሩ፤ የተማርነው እኛ ነን።

ዩኒየናችን የብዙ በዓል ባለቤት ይሁን!